እንትን

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እንደ ወትሯችን ስብሰባ ተቀመጥን። አለቃችን ወንበሩን በቅጡ ሳይስብ ጠየቀ።

«እንትኑ እንዴት ሆነ?»

«እንትን አድርጌው ነበር፤ እንትኑ ላይ ሲደርስ ግን እንትን ይላል» አለ ከጎኔ የተቀመጠው።

«እሱማ እንትን ስላላልከው ነው። እንትን በለውና እየው።»

«እሺ።»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ስብሰባው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተበተነ። አለቃችን አጭር ስብሰባ ይወዳል፤ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

ከእኛ ጋር ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች ተለማማጅ አለች። ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥታ፣ ግራ ቀኙን አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ፣ እንትን ያላችሁት የትኛውን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። እኔን ስላላመነችኝ ይሁን ነገሩን ለማጽናት፣ ሌላውን ጠየቀች፤ እሱም ነገራት። ሦስተኛውንም ጠየቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ደብተሯን ሳየው በተራ ቁጥር ሦስት እንትኖች ሰፍረውበታል። ሦስቱ አይመሳሰሉም። አለቃችን ያሰበው ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አልነበረም።

ልጅቷ መጠየቋ ራሱ ጀግንነት ነው። እኛ ቢሮ መጠየቅ ማለት አለማወቅን ማመን ነው፤ ስለዚህ ሁሉም «ገባኝ» ብሎ ይወጣና በየጠረጴዛው የየራሱን ይሠራል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኛ ደጃዝማችነቱ ቢቀርብን እንመርጣለን።

ከዚያ ወዲህ «እንትን» የምትለዋ ቃል እንደ ሌሊት ትንኝ በጆሮዬ ትዞራለች።

በቃሏ ላይ ጥላቻ ኖሮኝ አይደለም። እኔ ያደግሁት በእንትን ነው። እናቴ ማድ ቤት ሆና «እንትኑን አቀብይኝ» ስትል እህቴ ወንፊቱን ታቀብላለች። ትንሽ ቆይታ፣ በዚያው ድምፅ፣ «እንትኑን» ስትል ማማሰያው ይመጣል። አንድ ቀን ስህተት አይቼ አላውቅም። የእናቴ እጅ ሊጥ ውስጥ ነው፤ አገጯ ግን ወደ መደርደሪያው ይጠቁማል፤ ወጡ ሊያር እንደሆነ ሽታው ይናገራል፤ እህቴ ደግሞ እዚያ ጢስ ውስጥ ነው ያደገችው። ቃሉ ባዶ ቢሆንም በአገጭ፣ በሽታና አብሮ በመኖር ይሞላል።

ሶፍትዌር አገጭ የለውም።

ይህን ያህል የምመራመረው ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጠን የደመወዝ ፕሮግራም እንሠራለን። ስንጀምር አራት ነበርን፤ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ። ያኔ እንትን እንደ እናቴ ማድ ቤት ያለ እንከን ይሠራ ነበር። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው የትኛው መስመር እንዳታከተው ያውቃል።

ከዚያ ሰው ተጨመረ። በአይቢኤም ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጣጣ ቆጥሮ አሳይቷል። አራት ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይነጋገር ቢባል ስድስት ክር ይበቃዋል፤ አሥር ሰው ሲሆን ክሩ 45 ይደርሳል። (እ.ኤ.አ. የምትለዋን ልብ አድርጉልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።) እኛ አሥር ስንሆን 45ቱንም ክር በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጠቀለልናቸው። ዛሬ ወሳኝ የሥራ ውሳኔ የፈለገ ሰው በሁለት የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስልና በአንድ የጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ መካከል ይፈልጋት።

ከመጀመሪያዎቹ አራቱ አንዱን ሊቁ እንለው ነበር። የተጠየቀውን ሁሉ ከራሱ አውጥቶ ይመልሳል። «እባክህ ጻፈው» ስንለው «ኮዱ ራሱ ይናገራል» ይል ነበር። አልዋሸም፤ ኮዱ ይናገራል፤ የሚያናግረው ግን እሱን ብቻ ነው።

ሊቁ ዲቪ ደረሰው።

ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። ርክክብም ተደረገ። ርክክብ ስል የንብረት ክፍላችንን ርክክብ ማለቴ ነው፤ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ መታወቂያ፣ የመሳቢያ ቁልፍ። የማውሱ መለያ ቁጥር ሳይቀር በቅጽ ተሞልቶ በሦስት ኮፒ ተፈርሞበታል። እንዲያውም አንድ የጆሮ ማዳመጫ ጎድሎ ግማሽ ቀን ተንገላቷል። በጭንቅላቱ የያዘውን አምስት ዓመት የሚረከብ ቅጽ ግን ንብረት ክፍል አልነበረውም። ያንን ይዞ ያለ ተጨማሪ ኪሎ በቦሌ አለፈ።

«ከቸገራችሁ ደውሉልኝ» ብሎን ነበር።

ቸገረን። ባለፈው ጥር የደመወዝ ሪፖርቱ «ጥር 2017» ማለት ሲገባው «ጥር 2018» ብሎ ታተመ። ፕሮግራማችን በገዛ እጁ አንድ ዓመት ወደ ፊት ሄደ። የሊቁን ፋይል ከፈትነው። ራቁታቸውን የቆሙ ቁጥሮች አገኘን፤ 7፣ ዝቅ ብሎ 11፣ ዝቅ ብሎ ሌላ 7፣ እንደገና 11። ስም የላቸውም። ከበላያቸው አንዲት የማስታወሻ መስመር አለች፤ «አትንካ» ትላለች።

ስክሪኑን ከበን እንደ ጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙር አንድምታ ጀመርን።

7 አለ፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ነው፤ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታልና። አንድም የዘመን ልዩነት ነው፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከእነሱ በ7 ዓመት እናንሳለንና። 11ስ? የአሠሪው መዋጮ ነው፤ በሕጉ 11 በመቶ ነውና። አንድም ሴፕቴምበር 11 ነው፤ መስከረም 1 የሚውልበት ነውና። አንድም ሊቁን ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ጣቱ ቁልፉ ላይ አርፎ ነው።

አንድምታ በአብነት ትምህርት ቤት ትልቅ ጥበብ ነው፤ አንድ ቃል አምስት ምሥጢር ቢይዝ ያምርበታል። የደመወዝ ፕሮግራም ሁለት ምሥጢር ከያዘ ግን አንደኛው የሰው ገንዘብ ነው።

ሊቁን እንጠይቀው ተባለና በቴሌግራም «ነገ 3 ሰዓት» ተባባልን። በነጋታው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስድስታችን ስልኩን ከበን ተቀመጥን። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም። ለካ ሊቁ ያለበት ዋሽንግተን ያኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እሱ 3 ሰዓት ያለው የራሱን፣ የፈረንጆቹን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያ ደግሞ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። በሰዓቱ ደውሎልናል፤ ተኝተን ነበር። በሁለት አህጉር ሁለት ቀጠሮ ተከበረ፣ ሰው ግን አልተገናኘም። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ስንት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እነሱ ሰዓታቸውን ሲያስቀድሙ 7፣ ሲመልሱ 8 ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምን እንዳደረግናቸው አላውቅም።

ከሊቁ ጋር ሁለተኛ ቀጠሮ የጠበቀ አልነበረም። ከመካከላችን ፈጣኑ ልጅ «7ቱ የዘመን ልዩነት ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ልዩነቱ 8 ነው» አለ። ልክ ነበር። ወዲያው «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫነና በፋይሉ ውስጥ ያለውን 7 በሙሉ 8 አደረገው። ሪፖርቱ «ጥር 2017» አለ። አጨበጨብን። ጊት ደግሞ ምን እንደቀየርክ ሳትጽፍ አያሳልፍህም፤ ባዶውን ቢሰጡት ይመልሳል። ልጁ «ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈለት። የዚያን ፋይል ታሪክ ወደ ኋላ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ «ተስተካክሏል»፣ «አሁን ተስተካክሏል»፣ «በቃ ተስተካክሏል»፣ ከዚያ አንድ ቀን አንዱ የታከተው አንዲት ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሄዷል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን እትዬን ላስተዋውቃችሁ። ስም አላቸው፤ እኛ ግን እትዬ ብቻ ነው የምንላቸው። ጠዋት ቢሮውን ያጸዳሉ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ረከቦታቸውን ዘርግተው በአለቃችን ፈቃድ ቡና ይሸጣሉ። ፊደል የለዩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሕፃንነታቸው፣ ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር አላቸው። ዱቤ የሚጽፉት እሱ ላይ ነው፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ስኒ፣ የከፈለ፣ ያልከፈለ። የከፈለው ይሰረዛል፤ ግን እንዲነበብ ሆኖ በአንዲት ቀጭን መስመር ነው የሚሰረዘው። የደብተሩ የኋላ ገጾች የራሳቸው የደመወዝ መዝገብ ናቸው።

የጥር ደመወዝ በወጣ በማግስቱ እትዬ መጥረጊያቸውን አስደግፈው ወደ አለቃችን ገቡ።

«ልጄ፣ 40 ብር ጎድሎኛል።»

«እትዬ፣ ሂሳቡን እኮ ማሽን ነው የሚሠራው። ማሽን አይሳሳትም።»

«ማሽኑን ማን ሠራው?»

አለቃችን መልስ ሲፈልግ እሳቸው ደብተሩን ገለጡ። «ይኸው፤ ከ4,000 ብር ለጡረታ የሚቆረጥብኝ 280 ነው። የኅዳር 280፣ የታኅሣሥ 280። ጥር ላይ 320። ሕጉ ተቀየረ እንዴ?»

ሕጉ አልተቀየረም። የተቀየረው የእኛ 7 ነው። የራሳችንን ደመወዝ በራሳችን ፕሮግራም ስለምንሠራ ቅጣቱም ለእኛ ደረሰ፤ ከአሥራችንም ላይ ከእትዬ የባሰ ተቆርጦ ነበር። ኮምፒውተር ተምረን ከኮምፒውተር ጋር የምንውል አሥር ሰዎች ነን፤ አንዳችንም አላየንም። ፈጣኑ ልጅ ራሱ፣ ጎድሎበት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «የኑሮ ውድነት መስሎኝ» አለ።

አለቃችን በዚያ ሳምንት «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ከፕሪንተሩ በላይ ለጠፈው። አሁን ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን።

እንግዲህ አንጽፍም ማለቴ አይደለም። ስንጽፍ ደግሞ አያድርስ ነው። ለጨረታ ሲሆን 80 ገጽ የተጠቃሚ መመሪያ በሦስት ቀን እናወጣለን። ማውጫ አለው፣ የድርጅቱ ራዕይና ተልዕኮ አለው፣ ባለ ቀለም ሽፋንና ስፓይራል አለው። ውስጡን ስትገልጡት «‹አስቀምጥ› የሚለውን ሲጫኑ ይቀመጣል፤ ‹ሰርዝ› የሚለውን ሲጫኑ ይሰረዛል» ይላል። ሰውየው የቸገረው ምኑን መቼ መሰረዝ እንዳለበት ነው፤ እሱ የለም። አንድ ደንበኛ ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ መመሪያችንን አገኘሁት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስክሪኗ ዝቅ ብሎባት አንገቷን ስላመማት ከሥሩ አስገብታዋለች። ቁመቱ ልክክ ብሏል። በዚያ መመሪያ የተገለገለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የሚነበብ ነገር መጻፉ ብቻ እንደማይበቃ ፈረንጆቹም በውድ ዋጋ አይተውታል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ወደ ማርስ የሰደዳት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰባት መንኮራኩር በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ማርስ ደጃፍ ደርሳ ጠፋች። ሲጣራ፣ ምድር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም የግፊቷን መጠን በፓውንድ እያሰላ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ደግሞ በኒውተን ነው ብሎ ይወስዳል። ቁጥሩ ራቁቱን ነው የሚሄደው፤ አንዱ እንትን ሲል ሌላው የራሱን እንትን ይሰማል። በኒውተን ይሁን የሚል ሰነድ ግን ነበራቸው! ተጽፎ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ሰነድ የየትኛውን ስክሪን ቁመት አስተካክሎ ይሆን እላለሁ።

ወደ እኛ ልመለስ፤ የራሴን ገመና ሳልናገር ሰው እያማሁ ነውና። ከእትዬ 40 ብር በኋላ የጡረታው 7 ወደ ቦታው ተመለሰ። የዘመኑ 8 ግን ባለበት ቀረ፤ ጥር ላይ ልክ ነዋ። አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ «አንተ፣ ያንን ፋይል እየው። ለቁጥሮቹ ስም ስጣቸው፤ ከየት እንደመጡም በሁለት መስመር ጻፍ» አለኝ።

«ነገ እጽፈዋለሁ» አልኩ።

ሁለት መስመር ናት። ሁለት መስመር ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይጻፋል፤ ስለዚህ የሚጻፍበት ሰዓት የለም። ሰባት ወር ከጳጉሜን አለፈ።

ይኸው መስከረም ገባ። ሰኞ ዕለት አለቃችን እንትን እያለ የጠየቀው ይህንኑ ኖሯል፤ የመስከረም ሪፖርት ሲሞከር «መስከረም 2018» በማለት ፈንታ «መስከረም 2017» አለ። አሮጌውን ዓመት መለሰልን። እንቁጣጣሽ የለ፣ አደይ አበባ የለ። ለዓመታት አበባ አየሽ ሆይ ሲባል የሰማ ፕሮግራም አዲስ ዓመት መግባቱን አላወቀም።

አርብ ዕለት ሊቁን አገኘነው፤ በዚህ ጊዜ «የእኛ ማታ 1 ሰዓት፣ ያንተ ቀን 6 ሰዓት» ብለን ጽፈን። ስክሪኑን ከበን ነገርነው።

«እሱማ እንትን ነው» አለ ሊቁ ከዋሽንግተን።

«የትኛው እንትን?»

«ያ 7 ቁጥር ነዋ። የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ 8 አደርገዋለሁ፤ መስከረም ሲጠባ ወደ 7 እመልሰዋለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ በእጄ ነበር የምቀይረው።» ከዚያ ትንሽ ዝም አለና «አልነገርኳችሁም እንዴ?» አለ።

አምስት ዓመት ሙሉ፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ፣ ማንም ሳያየው በዓመት ሁለት ጊዜ እየተነሣ ዘመን ሲያሸጋግር ኖሯል። እኛ ፕሮግራም የመሰለን ነገር ሊቁ ራሱ ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱን መስመር ልጽፍ ቁጭ አልኩ፤ ምን ይደረጋል።

በዚህ መሃል ቡና መጣ። እትዬ በዚያ ሳምንት ግሸን ማርያም ለመሳለም ተነሥተው ወደ ወሎ ሄደዋል። ቦታቸውን የያዘችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ከመጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ማንንም ሳትጠይቅ ስኒዎቹን አደለች። የእኔ ያለ ስኳር ነው፤ ያለ ስኳር መጣ። ፈጣኑ ልጅ በጨው ይጠጣል፤ በጨው ተሰጠው። ከአለቃችን ስኒ ጤና አዳም ብቅ ብሏል።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ደብተሩ ላይ አለ፣ ጋሼ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አመነታች፤ ከዚያ የእኔን ገጽ ገልጣ ሰጠችኝ። በእትዬ ክብ ክብ ጽሑፍ፣ ከስሜ ሥር፣ ያለብኝ 160 ብር አለ። ዝቅ ብሎ፤ «ስኳር የለም። ‹ነገ እከፍላለሁ› ሲል ደመወዝ የወጣ ዕለት ማለት ነው። አስታውሺው፤ አይከፋውም።»

ቀና ስል ተለማማጇ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች ነው። ገጹን አንድ ገለጥኩት፤ የአለቃችን ነው።

«‹እንትን አምጪልኝ› ሲል ቡና በጤና አዳም ነው። ስብሰባ ላይ ከሆነ ግን ውኃ ነው።»

ልጅቷ ደብተሯን አወጣች፤ ሰኞ ሦስቱን እንትኖች የጻፈችበትን ገጽ ፈልጋ ካገኘች በኋላ ከሥራቸው አራት ቁጥር አስገብታ ገለበጠችው።